ከነርሲንግ ፕሮግራም ከተሰናበትኩ በኋላ በኤልፒኤን በኩል የቀጠልኩት ትምህርት

በሜሪላንድ እማርበት ከነበረው የሁለት ዓመት የአርኤን (ሬጅስተርድ ነርስ) ፕሮግራም ከተሰናበትኩ በኋላ ትምህርቱን በኤልፒኤን (ከአርኤን አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው የነርስ ፈቃድ) በኩል እንዴት እንደቀጠልኩና አሁን የት እንደደረስኩ በዚህ ማስታወሻ አካፍላችኋለሁ። የስንብቱ ደንብ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች የፈተና አማካይ ውጤቱ ከ75 ወይም ከዚያ ከፍ ካለ ቁጥር በታች የሆነን ተማሪ ኮርሱን እንደወደቀ ይቆጥሩታል፤ ክፍልፋዩንም ወደ ላይ አያጠጋጉም፤ ሁለተኛ ኮርስ የወደቀ ደግሞ ከፕሮግራሙ ይወጣል። እኔም በሜድ ሰርጅ (የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ነርሲንግ) ኮርስ ላይ በዚሁ ደንብ ወጣሁ።

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ከሁሉ አስቀድሞ ያስፈለገኝ በትክክል ከምን እንደተሰናበትኩ መለየት ነበር። የወጣሁት ከነርሲንግ ፕሮግራሙ እንጂ ከኮሌጁ አልነበረም፤ የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ የማይክሮባዮሎጂና የእንግሊዝኛ ክሬዲቶቼ አልተነኩም። የነርሲንግ ቦርድም ፈቃድ ለመስጠት በዋናነት የሚጠይቀው በቦርዱ ከጸደቀ ፕሮግራም መመረቅን፣ ኤንክሌክስ የተባለውን አገር አቀፍ የነርስ ፈቃድ ፈተና ማለፍንና የወንጀል ታሪክ ማጣራትን ስለሆነ፣ አንድ ትምህርት ቤት በውጤት ምክንያት ማሰናበቱ ብቻውን ሰውን ከሙያው አያግድም። ይሁን እንጂ ብዙ ትምህርት ቤቶች አምስት ወይም ሰባት ዓመት ያለፋቸውን የሳይንስ ኮርሶች ስለማይቀበሉ፣ ኀዘኑ እስኪበርድ ብሎ ረጅም ጊዜ መቀመጥ ቀደም ሲል በላብ የተገኘውን ክሬዲት ጭምር ያሳጣል።

ወደ ሌላ የአርኤን ፕሮግራም በቀጥታ ለመግባት ስሞክር ያጋጠመኝ እንቅፋት፣ ቀድሞ የተማርኩበት ፕሮግራም ዲሬክተር በመልካም አቋም ላይ እንደነበርኩ የሚገልጽ ደብዳቤ እንድትጽፍልኝ መጠየቁ ነው፤ የተሰናበተ ተማሪ ይህን ደብዳቤ ማግኘት አይችልም። የቀድሞውን ትምህርት ቤት ከማመልከቻው ላይ ዝለዪው ብለው የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ፤ በቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ኮሌጆች ተማሪው ቀደም ሲል የት እንደተመዘገበ የሚያጣሩበት መንገድ አላቸው፤ መደበቁ ከታወቀ ደግሞ የሚከተለው ስንብት የውጤት ሳይሆን የሐቀኝነት ጉዳይ ሆኖ ይመዘገባል። ያ ከውጤት ስንብት እጅግ የከፋ ነው።

ከዚህም የሚብሰው አደጋ የውሸት ዲፕሎማ ነው። በጃንዋሪ 2023 የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ኦፕሬሽን ናይቲንጌል በተባለው ምርመራ፣ በፍሎሪዳ ከነበሩ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማዎች መሸጣቸውን ገልጦ 25 ሰዎችን ከሷል። ክሊኒካል (ከሕመምተኞች ጋር የሚደረግ የተግባር ልምምድ) ሳይኖረው በአጭር ጊዜ አስመርቃለሁ የሚል ማስታወቂያ በተለይ እንደኔ ተስፋ የቆረጠን ሰው ስለሚስብ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም በግዛታችሁ የነርሲንግ ቦርድ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ፤ ተመራቂዎቹ ኤንክሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ ምን ያህል እንደሚያልፉ የሚያሳየውንም ውጤት ተመልከቱ። ለእኔ ትምህርት ቤት ለመምረጥ ከዚህ ቁጥር የበለጠ የረዳኝ መረጃ የለም።

በመጨረሻ የመረጥኩት አንድ ዓመት ገደማ የሚወስደውን የኤልፒኤን ፕሮግራም ነው፤ ከዚያ በኋላ ከኤልፒኤን ወደ አርኤን በሚያሸጋግር ፕሮግራም መቀጠል ይቻላል። ቤተሰብ ይህን እንደ ወደ ኋላ መመለስ አየው፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም፤ ኤልፒኤን በራሱ ፈቃድ ያለው፣ መድኃኒት የሚሰጥ፣ ቁስል የሚያክምና ለሕመምተኛው የሚጠየቅ ነርስ ነው። የገንዘብ ድጋፍ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ላስታውስ፤ የወደቀ ኮርስ እንደተሞከረ ክሬዲት ይቆጠራል፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችም ድጋፉ እንዲቀጥል ከተሞከረው ክሬዲት ቢያንስ 67 በመቶው እንዲታለፍ ስለሚጠይቁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ማጣራት ይገባል።

ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት የምፈልገው ግን ጥናቴን የለወጥኩበትን መንገድ ነው። ባደግኩበት የትምህርት ልማድ ጎበዝ የሚባለው ደብተሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ነበር፤ የነርሲንግ ፈተና ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁሉም ትክክል ከሚመስሉ አማራጮች መካከል የትኛው እንደሚቀድም ይጠይቃል። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ኤንክሌክስ እያንዳንዳቸው ስድስት ጥያቄ ያላቸውን የሕመምተኛ ታሪኮች ይዟል፤ ጥያቄዎቹም ምልክትን ከመለየት ተነሥተው፣ ምልክቱን መተንተንን፣ የሚያሰጋውን ማስቀደምን፣ መፍትሔ ማመንጨትንና እርምጃ መውሰድን አልፈው ውጤቱን እስከመገምገም ይደርሳሉ። እኔ አሁን እያንዳንዱን መድኃኒት የማጠናው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ለምሳሌ ልባቸው የደከመ፣ ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) እና ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት) የሚወስዱ አዛውንት አሉ እንበል። ማቅለሽለሽ ጀምሯቸዋል፣ ብርሃን ቢጫ ሆኖ ይታያቸዋል፣ ፖታሲየማቸው 3.0 ነው። ፉሮሴማይድ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ ዲጎክሲን በልብ ላይ ያለው ኃይል ይበረታል፤ ስለዚህ ማቅለሽለሹ የጨጓራ ጉዳይ ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን የመድኃኒት መመረዝ ምልክት ሊሆን ይችላል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት መስጠት፣ ፖታሲየም ያለበት ምግብ ማስመገብና ለሐኪም መደወል ሁሉም ምክንያት ያላቸው አማራጮች ናቸው፤ የሚቀድመው ግን ዲጎክሲኑን ሳይሰጡ የልብ ምቱን በማዳመጫ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው፤ ምቱ ከ60 በታች ባይሆንም እንኳ የመመረዝ ምልክት ስላለ መድኃኒቱ አይሰጥም፤ ያዘዘውም ሐኪም ወዲያውኑ እንዲያውቅ ይደረጋል። ይህን ሰንሰለት ለጥናት ጓደኛዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ ካስረዳሁ በኋላ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ስመለስበት፣ አማራጮቹ እንደ ቀድሞው አንድ ዓይነት አይመስሉኝም። ፋርማኮሎጂን (የመድኃኒት ትምህርትን) ያለፍኩት በዚህ መንገድ ነው፤ የተለየ ረጅም ሰዓት አላጠናሁም።

በነርሲንግ ሆም በጂኤንኤነት (በአረጋውያን ነርስ ረዳትነት) መሥራቴም ጥናቱን አግዞታል። ሁልጊዜ ቁርሳቸውን የሚጨርሱ ሰው ድንገት ምግብ ሲተዉ፣ ቀድሞ የምጽፈው የበሉትን መጠን ብቻ ነበር፤ አሁን ምን መድኃኒት ላይ እንዳሉ አስቤ ለኃላፊዋ ነርስ እነግራለሁ፤ እርሷም ምን እንዳጣራች መልሳ ታስረዳኛለች። በአንዳንድ ግዛቶች የነርሲንግ መሠረታዊ ኮርስን የጨረሰ ተማሪ ተጨማሪ ሥልጠና ሳይወስድ የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ፈቃድ ማመልከት ስለሚችል፣ ከፕሮግራም የወጣችሁ ይህን ለቦርዳችሁ ብትጠይቁ ይጠቅማችኋል።

አሁን የቀረኝ የእናቶችና ሕፃናት ነርሲንግ ነው፤ ከዚያ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያለውና አምስት ሰዓት የሚሰጠው የኤንክሌክስ ፒኤን (የኤልፒኤን ፈቃድ) ፈተና ይከተላል። የመሸጋገሪያ ፕሮግራሞችን ከወዲሁ በኢሜይል እየጠየቅኩ ነው፤ አንዳንዶቹ የኤልፒኤን ፈቃድ ካለኝ የቀድሞውን ፕሮግራም ደብዳቤ እንደማይጠይቁ በጽሑፍ መልሰውልኛል፤ ሌሎቹ አሁንም ይፈልጉታል፤ መልሶቹን ሁሉ በአንድ ፋይል አስቀምጫለሁ። በዚህ ሰሞን የከበደኝ የኢንሱሊን ዓይነቶች ሥራ የሚጀምሩበትንና ከፍተኛ ኃይል ላይ የሚደርሱበትን ሰዓት ከምግብ ሰዓት ጋር አያይዞ ማጥናት ነው፤ ይህን ያለፋችሁ በምን ዘዴ እንዳጠናችሁት ብትጽፉልኝ ከሚቀጥለው ፈተና በፊት እሞክረዋለሁ።