ፍጥነቱን ስቆጥር ሜሞሪውን ረሳሁ

የኮምፒውተሬን ምስል የሚሠራው የድሮው ግራፊክስ ካርዴ ማርጀቱን የነገረኝ ፍጥነቱ አልነበረም። ፍጥነቱማ ደህና ነበር፤ በስክሪኑ ጥግ ያለው ቆጣሪ በሰከንድ ከ50 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) በላይ ያሳየኝ ነበር። የነገረኝ የሚያናግረኝ ገጸ ባሕርይ ፊት ነው። ዓይንና አፍንጫው ያልተለየ፣ በውኃ የራሰ ሸክላ የሚመስል ፊት ይዞ ንግግሩን ይጀምራል፤ መልኩ የሚወጣለት ንግግሩን ሊጨርስ ሲል ነው። ዞር ስል የግድግዳው ድንጋይ ይደበዝዛል። በር በከፈትኩ ቁጥር ደግሞ ጨዋታው ለግማሽ ሰከንድ ያህል ቀጥ ይላል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ካርዱን ስገዛ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዓይነቶች ቀርበውልኝ ነበር፤ አንዱ 3 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው፣ ሌላው 6 ጊጋባይት። የንጽጽር ሰንጠረዦችን አገላበጥኩ። በአማካይ ፍሬም ብዙም አይራራቁም። «በዓይኔ ለማላየው ሜሞሪ ለምን እከፍላለሁ?» አልኩና ርካሹን ወሰድኩ። ሰንጠረዡ አልዋሸኝም፤ የተለካው በዚያ ዘመን ጨዋታዎች ስለነበር የዚያን ዘመን እውነት ነገረኝ። እኔ ግን የምገዛው ለአምስት ዓመት ነበር።

ሁለተኛውን ካርድ ለመምረጥ ስነሳ በመጀመሪያ ይህን ነገር በደንብ ልረዳው ፈለግሁ። ሥዕሉን የሚያሰላው የካርዱ ቺፕ ሲደክም ማቅለያ አለው፤ ጥላውን አንድ ደረጃ ዝቅ ታደርጋለህ፣ ነጸብራቁን ታጠፋለህ፣ ጭጋጉን ትቀንሳለህ፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። ሜሞሪ ግን እስኪሞላ ድረስ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ሲሞላ ገደል ነው። ያልበቃው ዳታ ወደ ኮምፒውተሩ ዋና ሜሞሪ ይሻገራል፤ ከዚያ የሚመለሰውም ካርዱ በተሰካበት ማስገቢያ በኩል ነው። ዛሬ የመካከለኛ ደረጃ ካርድ ከራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 320 ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ያነባል። እኔ ባለኝ የቆየ ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ ማለትም ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 በሚባለው የማስገቢያ ደረጃ፣ በማስገቢያው በኩል የሚያልፈው በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ከሃያ እጥፍ በላይ የጠበበ በር ማለት ነው። ሸክላ የሚመስለው ፊት እዚያ በር ላይ ተራውን ሲጠብቅ ኖሯል።

የሚያስቆጨው ደግሞ ሌላው ገጽታው ነው። ቴክስቸር የሚባሉት የግድግዳ፣ የልብስና የቆዳ ገጽ ሥዕሎች ቦታ ይፈልጋሉ እንጂ ቺፑን እምብዛም አያደክሙም። ሜሞሪው ከበቃ ቴክስቸርን ወደ ከፍተኛው ደረጃ ማውጣት ፍጥነትን አይቀንስም ማለት ይቻላል። ለዓይን ትልቁን ለውጥ የሚያመጣውም እርሱ ነው። እኔ ለዓመታት ያጠፋሁት በነጻ ላገኘው የምችለውን ነገር ነበር።

የጨዋታዎች የሜሞሪ ፍላጎት በድንገት የጨመረበትን ምክንያት ለማወቅ ኮንሶሎቹን ማየት ይበቃል። በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 በፕሮሰሰሩና በግራፊክሱ መካከል የሚከፈል 8 ጊጋባይት ነበረው። በኅዳር 2020 የመጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 16 ጊጋባይት ይዘው መጡ። ጨዋታ ሠሪዎች ለጥቂት ዓመታት ለሁለቱም ትውልድ ሲሠሩ ቆይተው አሮጌውን ሲተዉ፣ በ2023 ገደማ 8 ጊጋባይት ያላቸው ካርዶች በከፍተኛ ማስተካከያ ማቃሰት ጀመሩ። ስለዚህ ለራሴ ወሰን አበጀሁ፦ ከ12 በታች አልገዛም፣ ከተቻለ 16።

ከካርዱ በፊት የመረጥኩት ግን ስክሪኑን ነው። ይህን ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። 1920 በ1080 ስክሪን ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት፤ 2560 በ1440 ደግሞ 3.7 ሚሊዮን ገደማ፤ 3840 በ2160 የመጀመሪያውን አራት እጥፍ ነው። መካከለኛ ካርድ ለዓመታት በአራት እጥፍ ጭነት አይዘልቅም። መሃለኛውን ወሰድኩ፣ 144 ኸርዝ የሆነውን፣ ማለትም በሰከንድ 144 ጊዜ ምስሉን የሚያድሰውን። (ለሁለት ሳምንት ያህል ኮምፒውተሩ በ60 ኸርዝ ላይ እንደተቀመጠ ሳላውቅ «ልዩነቱ የተጋነነ ነው» እያልኩ ለሰው ሳወራ ከረምኩ። ማስተካከያውን የከፈትኩ ዕለት ለማንም አልነገርኩም።)

እጩዎቹ ሦስት ሆኑ። የኢንቴል አርክ ቢ580 ባለ 12 ጊጋባይት፣ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16፣ የኤኤምዲ አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስማቸውን የሚጋሩ ባለ 8 ጊጋባይት ወንድሞች አሏቸው፤ እንደ እኔ አንዴ የተቃጠለ ሰው የካርቶኑን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያነባል። አንድ ወዳጄ ያገለገለ አርኤክስ 5700 ኤክስቲ እንድወስድ መክሮኝ ነበር። በጊዜው ጥሩ ካርድ ነው፤ ነገር ግን በ2019 የወጣው ይህ ካርድ የሬይ ትሬሲንግ (የብርሃን ጨረርን መንገድ እያሰሉ የመሣል ዘዴ) ክፍል የለውም፤ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ያለዚያ ክፍል ጨርሶ የማይከፈቱ ትልልቅ ጨዋታዎች መጥተዋል። ዝቅ አድርጌ ልጫወት የማይባልበት ሁለተኛው ገደል ይህ ነው።

ቢ580ን የተውኩት በፕሮሰሰሬ ምክንያት ነው። ደካማ ፕሮሰሰር ካለው ኮምፒውተር ጋር ሲጣመር አቅሙ በግልጽ እንደሚወርድ በተለያዩ ፈተናዎች ታይቷል፤ የእኔው በ2019 የወጣው ሪዘን 5 3600 ነበር። በቀሩት ሁለቱ መካከል ለሳምንታት ዋለልኩ። 5060 ቲአይ ፈጣን ሜሞሪ አለው፣ በሰከንድ 448 ጊጋባይት፤ በከባድ ሬይ ትሬሲንግም ይበልጣል፤ ምስልን ከአነስተኛ ሬዞሉሽን የሚያሳድገው የኤንቪዲያ ዘዴ ዲኤልኤስኤስም በብዙ ጨዋታዎች ይገኛል። የወሰነልኝ ግን ከካርዱ ይልቅ ማዘርቦርዴ ነው። 5060 ቲአይ የሚጠቀመው ስምንት የፒሲአይ መስመሮችን ሲሆን 9060 ኤክስቲ አሥራ ስድስቱንም ይጠቀማል። በአዲስ ማዘርቦርድ ይህ ከቁም ነገር አይቆጠርም። በእኔ 3.0 ላይ ግን ስምንት መስመር ማለት ያ ጠባብ በር እንደገና በግማሽ መጥበቡ ነው። 9060 ኤክስቲን ወሰድኩ። አዲስ ኮምፒውተር ብገነባ ኖሮ ምናልባት ሌላውን እመርጥ ነበር።

በማስታወቂያዎቹ ላይ እጥፍ ድርብ ሆኖ የሚታየውን የፍሬም ማመንጨት ቁጥር ከሒሳቤ አወጣሁት። በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል የተሠራ ፍሬም ዓይንን ያለሰልሳል፤ እጅን ግን አያታልልም። መነሻው 30 ከሆነ ማውሱ የሚሰጥህ ስሜት የ30 ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ይዘገያል። ምስሉን ከአነስተኛ ሬዞሉሽን የሚያሳድጉትን ዘዴዎች ግን ወድጃቸዋለሁ። የኤኤምዲው ኤፍኤስአር 4 በጥራት ደረጃው 1707 በ960 ገደማ የተሠራውን ምስል ወደ 1440 ሲያሳድገው፣ ስጫወት ልዩነቱን የማየው ፈልጌ ካፈጠጥኩ ብቻ ነው።

ኃይልና ቦታ ብዙ አላስጨነቁኝም። ካርዱ 160 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 550 ዋቱ ፓወር ሰፕላዬ በቂ ነበር። ለርዝመቱ ከካርቶን ላይ የካርዱን ልክ ቆርጬ ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት። የፊት ማራገቢያውን ነካ፤ ስለዚህ ባለ ሦስት ማራገቢያውን ትቼ ባለ ሁለቱን አዘዝኩ።

ካርዱን ከሰካሁ በኋላ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ሕዝብ በሚበዛባቸው የከተማ ጨዋታዎች ፍሬሙ እንደበፊቱ ይንገዳገዳል። ሬዞሉሽኑን ወደ 1080 ዝቅ አደረግሁ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ካርዱ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሲቀልለት ይፈጥን ነበር፤ ያልፈጠነው ፕሮሰሰሩን ስለሚጠብቅ ነው። ይህን ፈተና በአሮጌው ካርዴ ላይ ሳልገዛ በፊት በአምስት ደቂቃ ልሠራው እችል ነበር። የማዘርቦርዱን መነሻ ሶፍትዌር (ባዮስ) አድሼ በዚያው ሶኬት ላይ ሪዘን 7 5700ኤክስ አስቀመጥኩ፣ መንገዳገዱም ሄደ። ከዚያ ወዲህ የካርድ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ «ፕሮሰሰርህ ምንድን ነው?» ሆኗል፤ ሰው ይሰለቸዋል።

አሁን ቴክስቸር ሁልጊዜ ከፍተኛው ላይ ነው፣ ጥላ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሏል፣ ፍሬሙን በ90 ገድቤዋለሁ፤ ማራገቢያዎቹም ሲዞሩ እምብዛም አይሰሙም። ሜሞሪው ስንት እንደተያዘ የሚያሳየውን ቆጣሪ ግን ከስክሪኑ ጥግ አላነሳሁትም። አንዳንድ ጨዋታ ላይ 11 ጊጋባይት ሲል አየዋለሁ። አሮጌው ካርድ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። እርሱ የሚጫወታቸው ቀላል ጨዋታዎች 2 ጊጋባይት እንኳ አይሞሉም፤ ካርዱን ሳማበት «ምን ጎደለው?» ይለኛል።