ሽንት ለሚያመልጣት እናት፦ መጀመሪያ የእጅ ምርመራ፣ ከዚያ 12 ሳምንት

ከማና፣ ከጎማ ወይም ከሰቃ ጨቆርሳ ወደ ጅማ ለሕክምና የምትመጣ እናት ስለ ወገቧና ስለ ጨጓራዋ ትናገራለች። ስታስል፣ ስትስቅ ወይም ጀሪካን ስታነሳ ሽንት እንደሚያመልጣት ግን ካልተጠየቀች አትናገርም። ጎረቤቶቿ «የወሊድ ነው፣ ይተውሻል» ብለዋታል። አርባ ቀኗ እንዳለቀ ወደ ውሃና እንጨት ተመልሳለች። የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ጆንያው ይጨመርበታል። ችግሩ ሕክምና አለው፤ ሕክምናውም የዳሌ ወለል ጡንቻን በመጨመቅና በመልቀቅ ማጠንከር ነው፤ ርካሽ ነው። የሚበላሸው አሰጣጡ ላይ ነው፦ «ጡንቻሽን ጨምቂና ልቀቂ» ተብላ በቃል ብቻ ተነግሯት ትሸኛለች።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። ምጡ ረዝሞባት ከወለደች በኋላ ሽንቷ ሳይቋረጥ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ተኝታም የሚፈስ ከሆነ ነገሩ የጡንቻ ድካም ላይሆን ይችላል፤ ፊስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ) ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ለዚህ እንቅስቃሴ አይታዘዝም። ቶሎ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም መቱ ወዳለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል መላክ አለባት። ትንሽ ፊስቱላ ገና ትኩስ ሳለ ከተደረሰበት ለሳምንታት በሚቆይ ካቴተር (ሽንት በሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) ብቻ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ወራት ካለፉ ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። «እስቲ ለሦስት ወር እንቅስቃሴ ትሞክር» ማለት እዚህ ላይ ትልቅ በደል ነው።

የዳሌ ወለል ጡንቻ ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጋ ነው። ፊኛን፣ ማህፀንንና የታችኛውን አንጀት ከሥር እንደ ጠፍር አልጋ ይሸከማል፤ የሽንት ቧንቧውንም ለመዝጋት ያግዛል። በእርግዝናና በምጥ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ይህ ጡንቻ በልምምድ እንደሚጠነክር የጻፈው በ1948 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ማስረጃው በጣም ጠንክሯል። በ2018 የታተመው የኮክሬን ግምገማ (ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝን) 31 ጥናቶችንና 1,817 ሴቶችን አካቷል። ሲያስሉ ወይም ዕቃ ሲያነሱ ከሚያመልጣቸው መካከል እንቅስቃሴውን ከሠሩት 56 በመቶ ያህሉ ድነናል ሲሉ፣ ካልሠሩት ግን 6 በመቶ ብቻ ናቸው።

ታዲያ ለምን «ሞክሬው አልሠራልኝም» የምትል ሴት በዛች? በ1991 የታተመ ትንሽ ጥናት 47 ሴቶችን በቃል ብቻ አስተምሮ ወዲያው መረመረ። በትክክል የጨመቁት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። አንድ አራተኛው ደግሞ ችግሩን ሊያባብስ በሚችል መንገድ፣ ማለትም ወደ ታች በማማጥ ነበር የሠሩት። አምጣ የወለደች ሴት «እዚያ ታች ጉልበት አድርጊ» ስትባል ማማጥ ቢመጣባት አይገርምም። እንዲህ አድርጋ በቀን ሦስት ጊዜ ብትሠራ ጡንቻውን በየቀኑ እየገፋችው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ለምርመራ ይሁን። ባለሙያዋ ታስረዳለች፣ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ መጋረጃ ትዘጋለች፣ ጓንት ታደርጋለች። እናትየዋ በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቷን ታጥፋለች። ባለሙያዋ አንድ ጣት ወደ ብልቷ አስገብታ «ፈስሽንና ሽንትሽን በአንድ ጊዜ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢ» ትላታለች። ትክክል ከሆነ ጣቱ ዙሪያውን ይያዛል፣ ወደ ውስጥም ይሳባል። ጣቱ ወደ ውጭ ከተገፋ እያማጠች ነው። ጥንካሬው ከ0 (ምንም ጭመቃ የለም) እስከ 5 (ጠንካራ) ባለው የኦክስፎርድ መለኪያ ይመዘገባል። ምርመራውን ያልፈለገች እናት ቤቷ እጇን ታጥባ ራሷ ልታየው ትችላለች፤ ወይም መዳፏን በልብስ ላይ ከብልቷ ሥር ታስቀምጥ፦ ሥጋው ከእጇ ሊሸሽ ይገባል እንጂ እጇን ሊገፋ አይገባም። ማብራሪያው እናትየዋ በሚገባት ቋንቋ፣ አፋን ኦሮሞ የምትናገር ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ይሰጣት፤ በግማሽ የገባት ሴት በግማሽ ነው የምትሠራው።

ሌሎቹ ስህተቶች በዓይን ይታያሉ። ቂጥ ከተነሳ፣ ጭን ለጭን ከተጣበቀ፣ ሆድ ከጠነከረ ሌላ ጡንቻ ሥራውን ወስዶታል። ትንፋሽ መያዝ በጣም የተለመደው ነው፤ ጮክ ብላ እየቆጠረች ብትሠራ ትንፋሽ መያዝ አትችልም። ሽንት እየሸኑ ማቋረጥን እንደ ልምምድ መውሰድ ግን ይቅር፤ ፊኛው በደንብ ባዶ ሳይሆን ይቀራል።

መጠኑን በተመለከተ የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ የሚለው ግልጽ ነው፦ በአንድ ዙር ቢያንስ 8 ጭመቃ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር፣ በባለሙያ ክትትል። ደካማ ጡንቻ ያላት ከ3 ሰከንድ ትጀምር፤ የያዘችበትን ያህል ትረፍ፤ በየሳምንቱ እየጨመረች 10 ሰከንድ ትድረስ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ፈጣን ጨመቅ-ለቀቅ ትጨምርበት፤ ሳል በድንገት ስለሚመጣ ጡንቻው ፍጥነትም ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ተኝታ፣ ከዚያ ተቀምጣ፣ ከዚያ ቆማ። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ አንድ ዙር፣ ጡት ስታጠባ አንድ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ። ብዙዎች በአራተኛው ሳምንት ለውጥ አላየንም ብለው ያቆማሉ። ጡንቻ እስኪጠነክር ሳምንታት ይወስዳል፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ያልነገረ ባለሙያ እናትየዋ ብታቆም ሊወቅሳት አይችልም።

እስከዚያው የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ፦ ከማሳል፣ ከማስነጠስ ወይም ጀሪካን ከማንሳት ልክ በፊት መጨመቅና እስኪያልፍ መያዝ። በ1998 በታተመ ጥናት መለስተኛና መካከለኛ ችግር ያለባቸው 27 አረጋውያን ሴቶች ይህን በተማሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በመካከለኛ ሳል የሚያመልጣቸው በ98 በመቶ፣ በከባድ ሳል ደግሞ በ73 በመቶ ቀንሷል። ለገጠር እናት ከዚህ የፈጠነ ጥቅም የሚሰጥ ምክር አላውቅም።

ሽንት በድንገት አጣድፎ መጸዳጃ ሳትደርስ የሚያመልጣት ከሆነ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ለእሷ ቡናን ለሁለት ሳምንት ያህል ቀንሶ ማየት ተገቢ ነው፤ አቦሉን ጠጥታ ቶናና በረካውን ትተው። ውሃ ግን አትቀንስ፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል፣ የውሃ ማነስም የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ በድርቀት ማማጥ ደግሞ ያንኑ ጡንቻ ይጎዳል። በግንኙነት ጊዜ ሕመም ያላት፣ ጡንቻዋም ሲነካ ጠንክሮ የሚያማት እናት ከመጨመቅ በፊት ማላላትን ትማር።

ማህፀን የመውረድ ስሜት ላላቸውስ? ፖፒ የተባለው ጥናት (ላንሴት፣ 2014) 447 ሴቶችን ተከታትሎ በግል የተሰጠ ልምምድ ከ12 ወር በኋላ የመውረዱን ስሜት እንደቀነሰ አሳይቷል። ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ የወጣን ማህፀን ግን ልምምድ አይመልሰውም፤ ፔሳሪ (ወደ ብልት ገብቶ ማህፀንን የሚደግፍ ቀለበት) ወይም ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው።

ልምምዱ የሚጀመርበት ጥሩ ጊዜ ከወሊድ በፊት ነው። በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ እንዳሳየው፣ ሽንት የማያመልጣቸው ነፍሰ ጡሮች በእርግዝናቸው መጀመሪያ ሲጀምሩ በመጨረሻው ወቅት የማምለጥ ዕድላቸው በ62 በመቶ ቀንሷል። ከወለዱ በኋላ እያመለጣቸው ለሚጀምሩት ማስረጃው ያን ያህል አይደለም። ቦታው እንግዲህ የእርግዝና ክትትል ክፍሉ ነው።

«መሣሪያ የለንም» የሚለው ምክንያት አይሆንም። ኦፓል የተባለው ጥናት (2020) 600 ሴቶችን አሳትፎ፣ በባዮፊድባክ (ጭመቃውን በስክሪን በሚያሳይ) መሣሪያ ታግዘው የሠሩትና ያለ መሣሪያ የሠሩት ከ24 ወር በኋላ ልዩነት እንዳልነበራቸው አሳይቷል። የባለሙያ እጥረትም መላ አለው። በዚያው ዓመት በካናዳ የተሠራ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 362 ሴቶችን ከፊሎቹን ለየብቻ፣ ከፊሎቹን ስምንት ስምንት አድርጎ በቡድን ለ12 ሳምንት አሠራ። ከአንድ ዓመት በኋላ ማምለጡ ለየብቻ በሠሩት በ70፣ በቡድን በሠሩት በ74 በመቶ ቀንሷል። የቡድኖቹም ሴቶች ከመጀመራቸው በፊት አጨማመቁን በግል ተምረዋል።

ይህ በአንድ ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ነው፦ አንድ ክፍል፣ ስምንት ምንጣፍ፣ አንዲት የሠለጠነች አዋላጅ ወይም ፊዚዮቴራፒስት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት። ለእያንዳንዷ እናት ካርድ ላይ በመጀመሪያው ቀን የጡንቻዋ ደረጃ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳመለጣትና ስንት ሰከንድ መያዝ እንደቻለች ይጻፍ። በ6ኛው ሳምንት አጨማመቋ እንደገና በእጅ ይታይ፤ ወደ ማማጥ የሚመለሱ አሉ። በ12ኛው ሳምንት ሦስቱም ይለኩ፤ ምንም ለውጥ ካልታየ ካርዷን አስይዞ ወደ ማህፀን ሐኪም መላክ ነው።