«ከአደባባዩ ጀምረህ ቁጠር»

ጌልስበርግ የገባሁት በባቡር ነው። ከቺካጎ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የበቆሎ ማሳውን ሲሰነጥቅ ቆይቶ አወረደኝ። ኢሊኖይ ውስጥ ያለች፣ 30 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከጣቢያው እንደወጣሁ ዓይኔ የገባው ጥቁር የእንፋሎት ባቡር ነበር። ከአገልግሎት ወጥቶ ለእይታ ቆሟል። ቁጥሩ 3006። ድሬዳዋ ተወልጄ የምድር ባቡር ሠራተኛ ያሳደገኝ ልጅ ነኝና ሻንጣዬን መሬት ጥዬ ፎቶ አነሳሁት። ለአባቴ ላክሁለት። ደህና ገባህ ወይ ሳይለኝ፣ «ሐዲዱ ሰፊ ነው ጠባብ?» አለኝ። የእኛ የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። እዚህ 1.435 ነው።

ከጣቢያው ወደ ሰሜን ትንሽ ከተጓዙ ሜን ስትሪት ይገኛል። የከተማዋ ዋና የንግድ ጎዳና ነው። ሁለትና ሦስት ፎቅ ያላቸው የጡብ ሕንጻዎች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ሰፊ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ግን ጭር ይላል። አንዳንዱ መስኮት ባዶ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሆዴ ባባ። ከተማው መሃል ሰው ከሌለ ሰዉ የት ነው ያለው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ አዛውንት ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፣ በሌሊት ፈረቃ። ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ ሰማንያውን ያለፉ፣ ዕድሜ ልካቸውን እዚሁ የኖሩ ሰው ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስገባ ዓይናቸው ፈጦ ነው የማገኛቸው። መጀመሪያ አካባቢ ውሃ ሰጥቼ፣ ትራስ አስተካክዬ እወጣ ነበር። አንድ ሌሊት ግን፣ «በሜን ስትሪት በኩል ነው የምትመጣው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ከአደባባዩ ጀምረህ ቁጠር» አሉ። ምኑን ነው የምቆጥረው? ሱቆቹን።

እኔ ስላቃተኝ እሳቸው ቆጠሩት። ጫማ ቤቱን፣ ጌጣጌጥ ቤቱን፣ ባንኩን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ ሲኒማውን። በር በበር፣ መጀመሪያ በሰሜን በኩል፣ ቀጥሎ በደቡብ። ቅዳሜ ማታ ገበሬው ከነቤተሰቡ ከየገጠሩ ይመጣ እንደነበርና በእግረኛ መንገዱ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይጋፉ እንደነበር ነገሩኝ። ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ልጅ ይሆናሉ።

ከዚያ ወዲያ ለመድኩ። ጠዋት ከሥራ ስወጣ በሜን ስትሪት ዞሬ የነገሩኝን ሕንጻ እፈልጋለሁ። ከላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ አሮጌ ፊደል ወይም ዓመተ ምሕረት ተቀርጾ አገኛለሁ። ማታ ተመልሼ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። በመሃሉ እኔም ማንበብ ጀመርኩ።

ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ጌል የሚባል ቄስ ከኒውዮርክ ግዛት ምእመናን ይዞ መጣና ኮሌጅም ከተማም አብሮ አቋቋመ። ባርነትን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰዎች ነበሩ። ከደቡብ የሚያመልጡ ባሮችን ይደብቁ ነበር። ባቡሩ ግን ወደዚህ ይመጣል የተባለ አልነበረም። ቻውንሲ ኮልተን የሚባል ነጋዴና ጓደኞቹ ናቸው ሮጠው፣ ገንዘብ አሰባስበው መስመሩን ወደ ከተማቸው ያስመጡት። በ1854 ባቡሩ ገባ። ይህንን ሳነብ ድሬን አሰብኩ። የእኛ ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ሐረር ሊሄድ ነበር። ተራራው ቢከብድ ከሥሩ ቆመ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተወለደች። እዚህ ነጋዴው ባቡሩን ጠራ። እዚያ ባቡሩ ነጋዴውን ጠራ።

ባቡሩ ስደተኛም አመጣ። በብዛት የመጡት ስዊድኖች ናቸው። ከእነሱ አንዱ በባቡር ድርጅቱ የብረታ ብረት ክፍል የቀጥቃጭ ረዳት ነበር። በ1878 የተወለደው ልጁ ካርል ሳንድበርግ በኋላ ትልቅ ገጣሚ ሆነ። ከመሆኑ በፊት ግን በ13 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ወተት አድሏል፣ አደባባዩ አጠገብ ባለ ሆቴል ፀጉር ቤት ውስጥ ወለል ጠርጓል፣ ጫማ ጠርጓል። ስሙ የውጭ አገር ስም እንዳይመስልበት ትምህርት ቤት «ቻርሊ» በሉኝ ይል ነበር። ይህቺ ነገር ልቤን ነካችው። የእኔንም ስም እዚህ አሳጥረውታል።

ታዲያ ጎዳናው ምን ነካው? አዛውንቱ የሚሉት አጭር ነው፤ «መኪና መጣ።» እውነት ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 የአውራ ጎዳናውን ሕግ ፈረመ። በዚያው ዓመት ሚኔሶታ ውስጥ የመጀመሪያው ጣሪያ የለበሰ የገበያ ማዕከል ተከፈተ። ገበያው ከመሃል ወደ ዳር ወጣ። ጌልስበርግም በ1970ዎቹ አጋማሽ ከዳር ሞል ተሠራላት። ሰው መኪናውን በነጻ የሚያቆምበትን መረጠ። ዛሬ ሞሉ ራሱ ተዘግቷል።

የገረመኝ ጎዳናው እጁን አለመስጠቱ ነው። በ1977 የአሜሪካ ታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ ብሔራዊ ተቋም የትንንሽ ከተሞችን ዋና ጎዳና ለማዳን ሙከራ ሲጀምር ሦስት ከተሞች መረጠ። አንዷ ጌልስበርግ ነበረች። ሌሎቹ ማዲሰን፣ ኢንዲያና እና ሆት ስፕሪንግስ፣ ሳውዝ ዳኮታ ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አታፍርሱ፤ ያለውን አድሱ፤ ነጋዴዎቹ ተደራጁ፤ ሰው የሚመጣበት ምክንያት ፍጠሩ። ከእነዚህ ሦስት ከተሞች የተገኘው ትምህርት በኋላ አገር አቀፍ ፕሮግራም ሆነ። ሴሚናሪ ጎዳና ላይ የታደሱትን ሱቆች ሳይ ሕንጻ ማፍረስ ምን ያህል የችኮላ ሥራ እንደሆነ ይገባኛል። በድሬዳዋ ስላለው የከዚራ ሰፈር አሮጌ ቤቶችም የማስበው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ዱላ በ2004 መጣ። የሜይታግ የማቀዝቀዣ ፋብሪካ ተዘግቶ ሥራው ወደ ሜክሲኮ፣ ሬይኖሳ ሄደ። 1,600 ያህል ሰው ሥራ አጣ። አዛውንቱ እዚያ ነበር የሚሠሩት። ስለዚህ ነገር ብዙ አያወሩም፤ እኔም አልጠይቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ደመወዝ የምንቀበለው እዚያ፣ የምንጨርሰው ሜን ስትሪት ነበር» አሉኝ።

ባለፈው ክረምት፣ በረዶው መስኮቱን ሲመታ ባደረበት ሌሊት፣ «ሁሌ የእኔን ነው የምንቆጥረው። ያንተስ ጎዳና?» አሉኝ። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ወንበር ሳብኩ።

ከለገሃር ጀመርኩ። የጣቢያውን በር፣ ቀጥ ያሉትን የከዚራ መንገዶች፣ ጥላቸው መንገዱን የሚሸፍነውን ዛፎች ነገርኳቸው። ጋሪዎቹን። ባቡር የገባ ቀን አባቴ እጁን እስከ ክርኑ ጥቁር ቅባት ነክቶት ሲመጣ። ቀስ እያልን ደቻቱ ደረስን። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ውሃ የሌለው ወንዝ ነው አልኳቸው፤ አሸዋ ብቻ፤ የሞላ ቀን ግን አያድርስ። ድልድዩን ተሻግረን መጋላ ልንገባ ስንል ከሌላ ክፍል ተጠራሁ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ተኝተው ይሆናል ብዬ በሩን በቀስታ ገፋ አደረግሁት።

«ድልድዩ ላይ ነው የቆምነው» አሉኝ።