የሦስት ወር ምሳ ቀድሜ ከፍዬ 19 ቀን በላሁ

ይሄን የምጽፈው መስከረም 2017 ላይ አንድ ሰው "አንተ ልጅ፣ ተው" ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስለምበሳጭ ነው። ማንም አላለኝም። እንደውም የቢሮ ልጆች "አሪፍ አስበሃል" ነበር ያሉኝ፣ ራሳቸው ግን አልከፈሉም፣ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሯችን ያለበት ፎቅ ስር ካፌ አለ፣ ደረጃ ወርዶ መግባት ነው፣ ስራ ከጀመርኩ ጀምሮ እዛው ነበር የምበላው፣ ክለብ ሳንዱች ከነማኪያቶው ምናምን። አንድ ቀን የቴሌብር ክፍያዎቼን ቁጭ ብዬ ስደምር የምሳዬ ወጪ የቤት ኪራዬን ግማሽ ሆኖ አገኘሁት። ላጤ ነኝ፣ ምሳ የሚቋጥርልኝ የለም፣ እኔ ራሴ ሽንኩርት ማቁላላት የጀመርኩ ቀን ጎረቤት በር አንኳኩቶ "ምን ተቃጠለ?" ብሏል። ስለዚህ ማዘር ቤት፣ ማለትም እናቶች ራሳቸው የሚያበስሉበት ርካሽ ምግብ ቤት፣ ፍለጋ ወጣሁ።

ቤት ማግኘቱ ከባድ አይደለም። "ሰው የሞላበት ግባ" ይላሉ፣ እኔ አልስማማም፣ ሰው የሚሞላው አንዳንዴ ፑል ስላለ ነው ወይ ዲኤስቲቪ ስላለ ነው። እኔ የማየው የሚኒባስ ሹፌሮች የት እንደሚያቆሙ ነው። ሹፌር ከተማውን ሁሉ ዞሮ ነው የሚመርጠው፣ ሆዱን ካመመው ደግሞ የቀኑ ገቢ ቀረ ማለት ነው። ገብታችሁ መጀመሪያ ሽሮ እዘዙ፣ ሽሮ ያልቻለ ቤት ጥብስ አይታዘዝም። እንጀራው ሩዝ የገባበት ከሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ አስተናጋጇ ማኛ ነው ብላ ብትምል አትመኑ። ከ6 ሰዓት ከሩብ በፊት ሂዱ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ በያይነቱ ላይ ያለቀው ወጥ ሁሉ በጎመን ነው የሚሞላው። ሁለት ከሆናችሁ አንድ ማህበራዊ ከጭማሪ እንጀራ ጋር በቂ ነው፣ ይሉኝታ ከሌላችሁ ለሦስትም ይሆናል። በቃ ይሄው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

እኔ ያገኘኋት ቤት ቦርድ እንኳን የላትም። ሰፈሩን አልጠራም። የቆርቆሮ በር፣ ስድስት ጠረጴዛ፣ ሜኑ የለም፣ "ምን አለ?" ስትል ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ ሽሮምስርበያይነቱፓስታበስጎጥብስፍርፍር ትልሃለች፣ የሰማኸውን ታዛለህ። ማዘር ራሳቸው ጓዳ ናቸው፣ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ሽሯቸው ግን አቤት፣ በድስቱ እየፈላ ነው የሚመጣው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ገና በሩ ጋ ይቀበልሃል።

ምሳ 100 ብር ነበር። ኮንትራት ከያዝክ፣ ማለትም የወሩን 26 ቀን ቀድመህ ከከፈልክ፣ 85 ይሆናል። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፣ ሁለት ወር በልቼበታለሁ፣ ምንም ችግር አልነበረውም። ችግሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዘይት ጨመረ፣ ሽንኩርት ጨመረ፣ ማዘርም "ከጥቅምት ጀምሮ እንጃ የኔ ልጅ" ማለት ጀመሩ። እኔ ኢኮኖሚስት ሆንኩላችኋ። ዋጋው ሳይጨምር ልቆልፈው ብዬ የሦስት ወር ልክፈልዎት አልኳቸው፣ በ75 ሂሳብ ተስማሙ። 78 ምሳ፣ 5,850 ብር። ቴሌብር ልላክ ስል "ኔትወርኩ ያስቸግራል፣ በእጅ ስጠኝ" አሉ፣ ኤቲኤም ሄጄ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ስሜን ሰማያዊ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፣ በበላሁ ቁጥር አንድ ጭረት። ደብተሩ የሳቸው ነው። የኔ የለኝም። ይሄን ልብ በሉልኝ።

በወር በወር ብከፍል ከምከፍለው 780 ብር አተረፍኩ ብዬ ያን ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

መንገድ ለማስፋት ዳር ያሉ ቤቶችን የሚያነሳው ኮሪደር ልማት ወደኛ ይመጣል የሚለው ወሬ ከነሐሴ ጀምሮ ነበር። ሁሉም ያወራል፣ እኔም አወራለሁ፣ ግን ከምሳዬ ጋር አላገናኘሁትም፣ እንዴት እንዳላገናኘሁት እስካሁን አይገባኝም። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ ሰኞ ስሄድ በሩ የለም። የተዘጋ ማለቴ አይደለም፣ በሩ ራሱ ተነቅሏል። አይሱዙ ቆሟል፣ ወንበሮቹ ተጭነዋል፣ ጠረጴዛዎቹ ተገልብጠዋል፣ ማዘር ጓዳ አይደሉም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቁመታቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ድስት ይቆጥራሉ።

"ልነሳ ነው የኔ ልጅ፣ ጊዜ የለኝም" አሉኝ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "አይዞዎት"? "ልሸከምልዎት"? አላልኩም። "ማዘር፣ የኔ ሂሳብስ?" ነው ያልኩት።

ደብተሩን ከጉያቸው አወጡ። 27 ጭረት። እኔ የበላሁት 19 ነው፣ በደንብ አውቀዋለሁ፣ አምስት ቀን ሀዋሳ ፊልድ ነበርኩ፣ ሁለት ቀን ታምሜ ተኝቻለሁ፣ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ምሳ ሰጥተውናል። ለካ ጠዋት ደውለህ አልመጣም ካላልክ ያልበላኸውም ይቆጠራል። "ወጡ እኮ ላንተ ተሰርቷል" አሉኝ፣ እውነትም ነው፣ ግን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በኔ ቆጠራ 59 ምሳ ቀርቶኛል፣ 4,425 ብር። በሳቸው 51፣ 3,825። እና እዛው አይሱዙው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀ እኔ ስለ ስምንት ሽሮ ተከራከርኩ። ሴትየዋ ቤታቸው እየፈረሰ። ረዳቱ ልጅ አፍጥጦ ያየኛል። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ገንዘቡን ጤፍና በርበሬ ገዝተውበታል፣ ካሽ የለም። ሁለት ኪሎ የሚሆን ሽሮ ዱቄት በፌስታል አድርገው "ይሄን ያዝ፣ ስረጋ እደውላለሁ" አሉ። ኩራት ያዘኝና አልቀበልም አልኩ። እሱም ይቆጨኛል፣ ያ ሽሮ ሱቅ አይገኝም።

ከዛ የባሰውን ስህተት ሰራሁ፣ ተናድጄ ለመክሰስ ወረዳ ሄድኩ። ሦስት መስኮት አዞሩኝ፣ አራተኛው ላይ ያለው ልጅ ስልኩን ሳያስቀምጥ ነው የጠየቀኝ።

"ደረሰኝ አለህ?"
"የለኝም፣ ደብተር ግን አለ።"
"ደብተሩስ?"
"እሳቸው ጋ ነው።"
"የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው?"

ዝም አልኩ። ስማቸውን አላውቀውም። ወደ ስድስት ሺህ ብር የሰጠኋት ሴት ስም ስልኬ ላይ "ማዘር ምሳ" ነው የሚለው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና "ወንድሜ፣ ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይክፈሉ ይባላል እኮ" አለኝ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውንም በእጁ አሳየኝ። ይባላል። ካሽ ሬጅስተር የሌለው ስድስት ጠረጴዛ ቤት ገብተህ ደረሰኝ ጠይቅና ምን እንደሚሉህ እይ። ደረሰኝ የሚሰጥ ቤት ደግሞ ሽሮ በ75 አይሸጥም። የኔ ምክር ከመንግስት ይለያል፣ ደረሰኙን ተውት፣ የራሳችሁን ደብተር ያዙ፣ በየቀኑ እሳቸው ሲጭሩ እናንተም ጭሩ፣ አጠገቡ አስፈርሟቸው። ስም ጠይቁ፣ ሙሉ ስም። የቀረ ቀን ይቆጠራል ወይ በሉ፣ በዓል ሲሆንስ፣ እንግዳ ይዤ ብመጣስ። ከሁሉም በላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድማችሁ አትክፈሉ፣ ወሩን ሙሉ እንኳን አልመክርም፣ ቤቱ የኪራይ ከሆነና ሰፈሩ ላይ ወሬ ካለ ደግሞ የዕለቱን ብቻ።

ቀሪውን የጥቅምትና የህዳር ወር በየቤቱ ስዞር ነው ያሳለፍኩት፣ የጾም ቡፌም የለመድኩት ያኔ ነው። ረቡዕና አርብ ብቻ። ቡፌ ውድ ነው የሚሉ ሰዎች ቁርስና እራት በልተው የሚሄዱ ናቸው፣ እኔ ቁርስ አልበላም፣ 6 ሰዓት ላይ እገባለሁ፣ እራት ሻይ በዳቦ ነው። በሩ ላይ 600 ብር የሚል አይቼ የገባሁበት ሂሳቡ 759 መጣ፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል፣ በዛ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ ውሃው ደግሞ ለብቻው። ስለዚህ ሳትቀመጡ "ከነቫቱ ነው?" በሉ፣ አያሳፍርም። ሩዝ፣ ፓስታና ድንች መጀመሪያ የሚደረደሩት ሳህናችሁን እንዲሞሉ ነው፣ እለፏቸውና ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ እንጉዳይ ጥብስ ጋ ሂዱ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም እዚህ አልገባም፣ ከናቴ ጋር ገና አልጨረስነውም። ጥቂት እያነሳችሁ ተመላለሱ፣ የተረፈ ምግብ ላይ የሚቀጡ ቤቶች አሉ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾም ስለሌለ ይሄ ነገር አይሰራም። ሁዳዴ ግን 55 ቀን ሙሉ የትም ብትገቡ በያይነቱው ትኩስ ነው፣ አዲስ ቤት የሚፈለገው ያኔ ነው።

ማዘር ታህሳስ ላይ ደወሉ። እውነት ለመናገር አልጠበቅኩም ነበር። ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ስር ትንሽ ቤት ተከራይተዋል፣ ሁለት ታክሲ ነው፣ ከዛ የእግር መንገድ አለው፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ሽሮውን ሊያህል ትንሽ ነው የቀረው። ስማቸውንም ጠየቅኳቸው፣ ሳቁብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከስራ ስወጣ እሄዳለሁ። ሰማያዊው ደብተር አለ፣ የኔም ደብተር አለ፣ በሁለቱ መሃል ያለችው የስምንት ጭረት ልዩነት እስካሁን አልተፈታችም። ምሳው አሁን 150 ስለሆነ አንድ ምሳ ሁለት ጭረት ነው ብለው ወሰኑ፣ ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። ባለፈው ቅዳሜ ቦዘና ሽሮ አዝዤ ነበር፣ ስጋ ገብቶበታል ብለው ሦስት ጫሩብኝ።