ለአሮጊቷ መኪናዬ ክሪክ ፍለጋ

ክሪክ የሚባለውን ነገር፣ መኪና ማንሻውን፣ ለብዙ ጊዜ ከመኪናዋ ጋር አብሮ የመጣ ዕቃ ነው ብዬ ዞር ብዬም አላየውም ነበር፣ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) አለ መፍቻው አለ ክሪኩም አለ በቃ። የምነዳው በዕድሜ የምትበልጠኝን ቮልስ ነው፣ ቢትሏን፣ እና ከፋብሪካ የወጣችበት ክሪክ እስከዛሬ አብሯት መኖሩ ራሱ ያኮራኝ ነበር። ሰው አይቶ "ኦሪጅናሉ ነው?" ሲለኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ አዎ እላለሁ። እና ይሄ ኦሪጅናል ጉድ የሰራኝ አንድ ቀን ማታ የኋላ ጎማ ተንፍሶብኝ መንገድ ዳር ስቆም ነው።

ቢትልን ለማታውቁ፣ በየጎኗ ከኋላ ጎማ ትንሽ ቀደም ብሎ ከስር የተበየደች አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለች፣ የክሪኩ ክንድ እዛች ውስጥ ይገባና ጎኗን በሙሉ ያነሳታል። አሪፍ ሀሳብ ነው፣ መኪናዋ አዲስ እያለች። እኔ ሳነሳ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ አለች፣ ከዛ ጭርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዛ መኪናዋ ባለችበት ቁጭ ብላ ክሪኩ ብቻውን ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። ቀዳዳዋ የተበየደችበት ላሜራ ከውስጥ በዝገት አልቆ እንደ እርጥብ ካርቶን ነው የታጠፈው፣ ከውጭ ግን ቀለሙ ያብረቀርቃል! ደግነቱ ጎማውን ገና አልፈታሁትም ነበር።

ስለዚህ እኔ አሁን ክሪክ ልግዛ ለሚለኝ ባለ አሮጌ መኪና መጀመሪያ የምለው ክሪኩን ተወውና ከስር ግባ ነው (መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ እያለች ማለቴ ነው እንጂ ተነስታ አይደለም)። ጠመንጃ መፍቻ ይዘህ ክሪክ የሚያርፍበትን ቦታ ሁሉ ወጋ ወጋ አድርገው፣ ከገባልህ እዛ ጋ አታነሳም፣ አለቀ። የቮልስ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ መርሴዲስ ደብሊው 123ም ከበሩ ስር በጎማ ክዳን የተደፈኑ የክሪክ ቀዳዳዎች አሏት፣ ክዳኑ ሲጠፋ ወይ ሲሰነጠቅ ውሃና ጭቃ ይገባና ከውስጥ ይበላታል። የድሮ የአሜሪካ መኪኖች ደግሞ በባምፐር ነበር የሚነሱት፣ ባምፐሩ ወፍራም ብረት ቢሆንም የያዙትን ቡሎኖች ከ50 ዓመት በኋላ ማን ያምናል።

ሌላ ማንሻ ቦታ መፈለግ ነው እንግዲህ። በኔ መኪና ከኋላ ቶርሽን ባሩ (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሰራው ዘንግ) ያለበት ወፍራም ቱቦ ጫፍ፣ ከፊት ደግሞ የፊት እግሮቹን የሚያያይዘው ድርብ ቱቦ ጥሩ ናቸው። ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ዝርግ ሞላ) ያላት መኪና ከሆነች የኋላ አክስሉ ቱቦ ላይ ባሌስትራው አጠገብ ታነሳላችሁ፣ ዲፈረንሻሉ ሆድ ላይ አይደለም። የዘይት ቋት፣ ወለል፣ ነዳጅ ታንከር ምናምን የሚባል ነገር አይነካም።

ከዛ ነው መለካት የሚመጣው፣ እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው የሚሸወደው፣ እኔም ተሸውጃለሁ። ሜትር ይዤ ገብቼ ለካሁ፣ 19 ሳንቲም፣ ጥሩ ብዬ ያን ጠርሙስ የሚመስለውን የ2 ቶን ሃይድሮሊክ ክሪክ ገዛሁ። ብዙዎቹ እንደዛ ዓይነት ክሪኮች ጨርሰው ወርደው ራሱ ከ15 እስከ 18 ሳንቲም አካባቢ ናቸው፣ ይገባል ማለት ነው። ግን እኮ ክሪክ የምትፈልጉት ጎማው ሲተነፍስ ነው! ቤት ሆኜ የኋላ ጎማዬን ሆን ብዬ አስተንፍሼ ስለካው 12 ሆነ። አዲሱ ክሪክ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አየኝ አየሁት። ስለዚህ የምትለኩት ጎማው ተንፍሶ ነው፣ ሁለተኛው ልኬት ደግሞ ወደ ላይ ነው፣ የተነፈሰውን ለማውጣት የሚበቃው ከፍታ በደንብ የተነፋውን ስኮርታ ለማስገባት አይበቃም። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ይሄ ይብሳል ምክንያቱም ቦዲውን ስታነሱ ጎማው አብሮ አይነሳም፣ በተለይ የቢትል የኋላ እግር ወደ ውስጥ ታጥፎ እየተንጠለጠለ ይቀራል፣ እናንተ ታነሳላችሁ ታነሳላችሁ ጎማው መሬት ላይ ነው። ክሪኩን እግሩ ራሱ ስር ብታደርጉት ጎማው ቶሎ ነው የሚለቀው፣ ግን እግሩ በቀስት መስመር ስለሚሄድ ክሪኩ ሊጋደል ይችላል፣ ቀስ እያሉ እያዩ ነው።

ሃይድሮሊኩ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ከፍ ላለች መኪና ጉልበቱ ድንቅ ነው። ግን ተኝቶ ከተጓዘ ዘይት ያንጠባጥባል፣ አየር ይገባበታል፣ በተፈለገ ቀን እጀታውን ስትጫኑት ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል (ቫልቩን ከፍቶ እጀታውን ደጋግሞ በባዶ መጫን ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል)። ዘይቱ ሲጎድል ደግሞ የፍሬን ዘይት እንዳትጨምሩበት፣ ዘይቱን የሚይዙት ጎሚኒዎች አብጠው እንዲበላሹ ያደርጋል።

በኤሌክትሪክ የሚሰራውን አንድ ጓደኛዬ ሊሰጠኝ ነበር፣ በተን ትጫናለህ ትነሳለች አለኝ። የሱ 12 ቮልት ነው፣ የኔ 6። ከ1967 ሞዴል በፊት የተሰሩት አብዛኞቹ ቢትሎች 6 ቮልት ናቸው፣ ሌሎችም ብዙ የዛ ዘመን መኪኖች እንደዛው፣ 12 ቢሆንላችሁም በሲጋራ መለኮሻው በኩል ያን ያህል ከረንት ስትስቡ የ60 ዓመት ሽቦ ምን እንደሚሆን አስቡት። በጭስ ማውጫ የሚነፋም አለ፣ እንደ ከረጢት ያለ። የኔዋ ጭስ ማውጫ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ነው፣ አንዱ ላይ ከረጢቱን ሰክቼ ሌላውን በምን ልድፈነው፣ በእግሬ? ያ ረጅም ባለ ቀዳዳ ዘንግ ያለው ክሪክ፣ ሃይሊፍት የሚሉት፣ ለላንድሮቨር ሰዎች ነው፣ ከባድ ነው፣ እጀታው ካመለጠ ደግሞ አገጭ ይሰብራል።

ላንድሮቨር ካልኩ አይቀር የድሮዎቹ ሲሪስ ላንድሮቨሮች የእጅ ፍሬን ጎማ ላይ አይደለም ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው፣ እና አንድ የኋላ ጎማ ሲነሳ በዲፈረንሻሉ ምክንያት የተነሳው ጎማ በባዶ ይዞርና መኪናው ነፃ ይሆናል። የእጅ ፍሬን ስበሃል፣ አንስተሃል፣ ትሄድብሃለች። የማንም መኪና ብትሆን በሰያፍ ካለው ጎማ ፊትና ኋላ ሽብልቅ ሳላስገባ አልነካም አሁን። ቡሎኑንም ጎማው መሬት እያለ ነው ላላ የማደርገው።

(በዚህ ጉዳይ የምቀናው በሲትሮን ዲኤስ ነው። መኪናዋ በራሷ ሃይድሮሊክ ከፍ ትላለች፣ ከጎኗ መደገፊያ ታቆማላችሁ፣ ከዛ ዝቅ በይ ስትሏት እግሯን ራሷ ትሰበስባለች። በ1955 የወጣች መኪና እኮ ናት!)

በስተመጨረሻ የያዝኩት ምን መሰላችሁ፣ ከአንዲት ዘመናዊ ትንሽ መኪና የወጣ ተራ መቀስ መሳይ ክሪክ፣ 1 ቶን። ታጥፎ 10 ሳንቲም ገደማ ነው፣ ከፍ ሲል ወደ 38 ይደርሳል፣ ቮልሷ ጠቅላላ 800 ኪሎ አካባቢ ስለሆነች ለአንድ ጥግ ይበቃል ይተርፋል። መጀመሪያ ላይ ሲነሳ ነው የሚከብደው፣ ክንዶቹ በጣም ተጋድመው ስለሚጀምሩ፣ ከዛ ይቀላል፣ የሚዞረውን ቪቴውን ግራሶ ቀብቼዋለሁ። ራሱ ላይ ቱቦው እንዳያንሸራትት ወፍራም ጎማ ቆርጬ አደረግኩ፣ ከስር ደግሞ 30 በ30 የሆነ ወፍራም ኮምፔንሳቶ አነጥፋለሁ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ያለሱ ክሪኩ ነው ወደ ታች የሚሄደው መኪናዋ አትነሳም። በጨርቅ ጠቅልዬ በቀበቶ አስሬዋለሁ፣ የቢትል ነዳጅ ታንከር ፊት ኮፈኑ ስር ስለሆነ እዛ የሚንከባለል ብረት አልፈልግም። የፈታሁትን ጎማም ሁሌ ከቦዲው ስር አስተኛዋለሁ፣ ክሪኩ ቢከዳ የምትወድቀው እሱ ላይ ነው።

ስኮርታውን ማየት እንዳትረሱ ደግሞ፣ በብዙ ቢትሎች የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚገፋው በስኮርታው አየር ነው፣ መስታወት ሲታጠብ ተከርሞ ስኮርታው ተንፍሶ የተገኘበት ሰው አውቃለሁ (ሌላ ሰው አይደለም)።

ሁሉን ይዤ ቤት ማታ መብራት አጥፍቼ በግንባር ባትሪ ብቻ ሞከርኩት። መጀመሪያ ቀን 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ግማሹ መፍቻ ፍለጋ ነበር። አሁን 15 ገብቻለሁ። ኦሪጅናሉ ክሪክ ተጠርጎ ቀለም ተቀብቶ ቦታው ላይ አለ፣ ሰው ሲጠይቀኝ አወጣውና አሳይቼው እመልሰዋለሁ።