አራት ጊዜ 110/70

የእርግዝና ክትትል ካርዴን እስካሁን አልጣልኩትም። የደም ግፊት የሚጻፍበት ቦታ ላይ አራት ጊዜ 110/70 ተብሏል። የተለካሁት ግን አንዴ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም በሥርዓቱ ሄደ። የደም ዓይነት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሽንት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ የአይረን ኪኒን። ኪኒኑ ሰገራ ያጠቁራል፣ አትደንግጪ። ግፊቴም ያን ቀን በደንብ ተለካ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ አየር ያስወጣ ነበር። ሲስተር ሁለቴ ነፋችውና ተወችው። ከዚያ ያለፈውን ቁጥር አየት አድርጋ ያንኑ ጻፈች። እያየኋት። «ሲስተር፣ አልለካሽኝም እኮ» ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተሰልፌያለሁ፣ ርቦኛል። ደግሞ ሐኪም አይጠየቅም ተብለን ነው ያደግነው። ዝም አልኩ። ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ አለፈ። በእሷ እናደዳለሁ፤ በራሴ ግን ይብሳል። መለኪያውን ሳያስጠግን ሪፖርት የሚቀበለው ኃላፊስ? እሱ ጋ ሁሉም ነገር ሙሉ ነው።

በስምንተኛው ወር ቀለበቴ አልወጣ አለኝ። ፊቴ አበጠ። ጎረቤቶቼ «ተመቸሽ!» አሉኝ። ራሴን ሲያመኝ ቡና አፈላሁ። በሦስተኛው ቀን ሲኒው ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። እህቴ እየጎተተች አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። 170/110። ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ወዲያው ሆስፒታል ሪፈር ተባልኩ። እንዳያንዘፈዝፈኝ ማግኒዥየም ሲሰጡኝ ሰውነቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ። ልጄ በ35 ሳምንቷ ተወለደች፣ 2.1 ኪሎ። ደረቴ ላይ ለጥፌ አሞቅኳት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ትታይ ይላል። ካልለኩኝ ሃያ ጊዜስ ብሄድ? «ቅርብሽ ባለው ጤና ጣቢያ ተከታተይ» ይሉሻል። እኔ ግን መለኪያው የሚሠራበት ሂጂ እላለሁ፣ ሁለት ታክሲ ቢያስይዝም። ከመለካትሽ በፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ በይ፤ ጀርባሽን ተደገፊ፣ እግርሽን አታነባብሪ። ቁጥሩን አፍ አውጥተው ይንገሩሽ። 140/90 ከደረሰ፣ ወይም ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ ቀጠሮ እንዳትጠብቂ።

ከወለድሽ በኋላም አላበቃም። ይሄ ግፊት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊነሳ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም፤ ከሌላ እናት ነው የሰማሁት።

ልጄን በ45 ቀኗ ለክትባት ወሰድኳት። ተመዘነች፣ 3.4። ጭኗ ላይ ተወጋች፣ ጠብታዋን ዋጠች። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁ።

«ይሄ እኮ የሕፃናት ክፍል ነው» አለች ነርሷ።

ክንዴን አላጠፍኩም። ተነጫነጨች፣ ከጎረቤት ክፍል መለኪያ አምጥታ ነፋች።

«126/82» አለች፣ ጮክ ብላ።