ለጂኢዲ ስመዘገብ ማንም ያልነገረኝ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ደሴ፣ 10ኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ቤሩት፣ ከዚያ ደግሞ ለባለቤቴ ዲቪ ደርሶት እዚህ። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ስሆን የ12ኛ ክፍል ወረቀት የጠየቀኝ አልነበረም። ኤልፒኤን፣ ማለትም ከሲኤንኤ ከፍ የሚለውን ነርስነት፣ ልማር ስል ግን ገና ከበሩ «የሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ አለሽ?» ተባልኩ። ጂኢዲ ሃይስኩል ያልጨረሰ ሰው ተፈትኖ ዲፕሎማ የሚያገኝበት ነው። አሁን አለኝ፤ ኮራ ብዬ ነው የምናገረው። ግን መንገድ ላይ ያቃጠሉኝን አልረሳሁም፣ እናንተም ሳታውቁ እንዳትገቡበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ጂኢዲ አራት ፈተና ነው፦ ሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ንባብና ጽሑፍ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ። ሁሉም በኮምፒውተር ነው። ማለፊያው በየአንዳንዱ 145 ከ200 ነው። አራቱን በአንድ ጊዜ መፈተን ግዴታ አይደለም፤ ያለፋችሁት ይያዝላችኋል። ሜሪላንድ አራቱንም ላለፈ የስቴቱን የሃይስኩል ዲፕሎማ ይሰጣል። ፈተናው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ እንጂ በአማርኛ የለም። ለጂኢዲ የሚያዘጋጅ የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ማግኘቱም አላስቸገረኝም። ደወልኩ፣ ተመዘገብኩ፣ ወረፋ ጠበቅኩ፣ ተጠራሁ።

ጣጣው የመጣው የምደባ ፈተናው ላይ ነው።

ካሳስ ይባላል። አዋቂ ተማሪ ከመጀመሩ በፊት የትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚለይበት ፈተና ነው። «አትጨነቂ፣ ደረጃሽን ለማየት ያህል ነው» አሉኝ። እኔም አልተጨነቅኩም። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ሳገላብጥ አድሬ፣ ጠዋት ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር ሄጄ ተቀመጥኩ። ጥያቄው የአፓርታማ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። አይከብድም። ዓይኔ ግን ይከደናል። አንዱን አንቀጽ ደጋግሜ አነበዋለሁ፣ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ጠፍቷል። ውጤቱ ሲመጣ ጂኢዲ ክፍል ቀርቶ ኢኤስኤል፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ቋንቋውን የሚያስተምሩበት ክፍል መደቡኝ፣ ያውም ከታችኛው። ሌሊት የሰው ደም ግፊት በእንግሊዝኛ መዝግቤ ለነርሷ ሪፖርት የማደርግ ሰው፣ ጠዋት ተቀምጬ «ይህ ማንኪያ ነው» እየተባልኩ በሥዕል መማር ጀመርኩ።

ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሐበሻ ናት። ደስ አለኝ፣ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። እሷም «እንዴት ነሽ የኔ እህት» ብላ ተቀበለችኝ። እሺ፣ ሒሳቡን እንኳ ከጂኢዲዎቹ ጋር ልማር አልኳት። ስክሪኑን አየት አድርጋ «ሲስተሙ አይፈቅድም» አለች። በቃ ድጋሚ ልፈተን? «40 ሰዓት ሳትማሪ አይሆንም እህቴ።» ማነው የወሰነው? «ሲስተሙ ነዋ።» አገር ቤት «ሲስተም የለም» እያሉ ይመልሱናል፣ እዚህ ደግሞ ሲስተሙ ኖሮ መለሰኝ። አለቃዋን ላናግር ብል ኢሜይል ጻፊ አለችኝ። ጻፍኩ። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ የፌዴራል ገንዘብ ይወስዳሉ። እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የወጣው ዊኦኣ የሚባለው ሕግ ተማሪው ደረጃ መጨመሩን እንዲያሳዩ ይጠይቃቸዋል። ማሳያው ደግሞ በአብዛኛው የመጀመሪያውና የኋለኛው ፈተና ልዩነት ነው። በሁለቱ መካከል በቂ የትምህርት ሰዓት መኖር አለበት፣ 40ው የመጣው ከዚያ ነው። ተማሪ ከአቅሟ በታች ብትጀምር ትምህርት ቤቱ ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ፈተና ከፍ ማለቷ አይቀርም። ሆን ብለው ያደርጉታል አልልም። ግን ለማስተካከል የሚቸኩልም የለም። የሚባክነው የኔ ጊዜ ነው።

ክፍሉ ደግሞ ጠዋት ነው። ከሥራ ወጥቼ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ሳልተኛ መሄድ። ስንቱን ቀን ይቻላል? መቅረት ጀመርኩ። ብዙ ቀረሽ ተብዬ ስሜ ተሰረዘ። ልመለስ ስል እንደገና ወረፋ፣ ያውም ከመጨረሻ። እኔ እነሱ መዝገብ ላይ «ያቋረጠች» ነኝ። ከዚያ ደግሞ ስብሰባ ተቀምጠው አዋቂዎች ለምን አይጨርሱም ይላሉ! እኔን ቢጠይቁኝ ሁለት ነገር እነግራቸው ነበር፦ ሰው ከሌሊት ሥራ ወጥቶ የሚፈተን ከሆነ ቀን ቀይሩለት፣ ለሌሊት ሠራተኛ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር ክፍል ክፈቱ።

ያወጣችኝ አብራኝ የምትሠራ ጃማይካዊት ናት። ብሶቴን ሰምታ «ክፍሉን ምን ያደርግልሻል? ፈተናው እኮ ሌላ ነው» አለችኝ። ደነገጥኩ። ለካ 18 ዓመት የሞላው፣ ሃይስኩል ያልጨረሰና ትምህርት ቤት የሌለ ሰው ክፍል ሳይገባ ራሱ ጂኢዲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍቶ፣ ከፍሎ፣ ቀጠሮ ይዞ መፈተን ይችላል። ያንን ሁሉ ጊዜ ቢሮ ስመላለስ ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር የነገረኝ የለም። የኔዋ «እህቴ» እንኳ!

ስለዚህ የኔ ምክር ከትምህርት ቤቶቹ ጋር አይገጥምም። እነሱ «መጀመሪያ እንግሊዝኛሽን ጨርሺ» ይላሉ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጂኢዲ ሬዲ የሚባለውን መለማመጃ ግዙ እላለሁ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ርዝመቱም የዋናውን ግማሽ ያህል ነው። አረንጓዴ ካሳያችሁ ማንንም ሳትጠብቁ ተመዝገቡ። ቀይ ከሆነ አጥኑ። እንግሊዝኛ ጨርሶ ለማያነብ ሰው ይህ አይሠራም፣ ያንን አልክድም፤ እሱ ክፍል ይግባ። ግን ሥራውን በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሰው አይጠብቅ።

በሒሳብ ጀምሩ። አብዛኛው አበሻ ሒሳብን ፈርቶ ለመጨረሻ ያስቀምጣል፣ አይገባኝም። አገር ቤት 9ኛና 10ኛ ላይ በጠመኔ ያንበለበልነው ኢኩዌሽን ነው እኮ። ከጥቂት ጥያቄዎች በስተቀር ካልኩሌተር ይፈቀዳል፣ ፎርሙላውም ስክሪኑ ላይ ይሰጣል። እኔን ያስቸገረኝ ኢንችና ፉት ብቻ ነው። ሶሻል ስተዲስ ደግሞ ግማሹ ንባብ ነው፤ ለሲትዝንሺፕ ያጠናችሁት ስለ ሕገ መንግሥቱ ብዙ ይረዳችኋል።

እንግሊዝኛው ላይ ያለችው የ45 ደቂቃ ጽሑፍ ግን ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ሁለት ሰው ሲከራከር ታነባላችሁ። እኛ ልማዳችን የራሳችንን አስተያየት መዘርገፍ ነው። እሱን አይደለም የሚጠይቁት። የማንኛው ማስረጃ ይበልጣል ነው ጥያቄው። የምትስማሙበት ሰው ማስረጃው ደካማ ከሆነ ለሌላው ፍረዱ፣ ከጽሑፉ ቃሉን እየጠቀሳችሁ። ታይፕ ማድረግም ቀድማችሁ ተለማመዱ። እኔ በሁለት ጣት ስለቅም ሰዓቱ ሊያልቅብኝ ነበር።

ዕድሜያቸው ገፋ ላሉና ሰዓት የሚቆጥር ፈተና ለሚያስፈራቸው ሌላ መንገድ አለ፤ ኤንኢዲፒ ይባላል። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ውስጥ ይሰጣል። ቤታችሁ ሆናችሁ በኮምፒውተር ትሠራላችሁ፣ ከዚያ ቢሮ ሄዳችሁ መቻላችሁን ታሳያላችሁ። የሚሰጠው ያው የሃይስኩል ዲፕሎማ ነው። ለምታውቋቸው እናቶችና አባቶች ንገሩልኝ።

12ኛ ክፍልን አገር ቤት የጨረሳችሁ ደግሞ ጂኢዲ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ? ትራንስክሪፕታችሁን አስመጥታችሁ አስገምግሙት። ኮሌጁ የማንን ግምገማ እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ።

ሌላው የስም ነገር ነው። አካውንት ስትከፍቱ መታወቂያችሁን ፊታችሁ አስቀምጡና ፊደል በፊደል ቅዱ። አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ላስት ኔም ሆኖ የተጻፈበት ሐበሻ ብዙ ነው። ካልገጠመ ሳትፈተኑ ይመልሷችኋል። ቀኑ ያለፈበት መታወቂያም አይቀበሉም።